የመልክዓ ምድራዊ መረጃ ሥርዓት (ጂአይኤስ) በከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ፦ ምንነት፣ አሠራርና የመረጃ ጥራት

መግቢያ

የከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ በመሠረቱ የቦታ ጥያቄ ነው። ነዋሪዎች የት ይኖራሉ፣ የት ይሠራሉ፣ ልጆቻቸው የት ይማራሉ፣ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው በየትኛው መንገድ፣ በምን ዓይነት መጓጓዣና በስንት ጊዜ ይደርሳሉ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልሳቸው በካርታ ላይ የሚታይ ነው። የመልክዓ ምድራዊ መረጃ ሥርዓት፣ በተለምዶ ጂአይኤስ እየተባለ የሚጠራው፣ እነዚህን ጥያቄዎች አንድ ላይ አገናዝቦ ለመመለስ የሚያስችል መሣሪያ ነው።

ሥርዓቱ የሚያሳየው ግን በውስጡ የተመዘገበውን ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረጉት ዕለታዊ ጉዞዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእግር የሚደረጉ ናቸው። የመረጃ ቋቱ የአስፋልት መንገዶችን ብቻ ይዞ የእግረኛ መተላለፊያዎችን ካልያዘ፣ ስሌቱ በትክክል ተሠርቶም ዕቅዱ የአብዛኛውን ነዋሪ ጉዞ ሳያይ ይቀራል። በመሆኑም በጂአይኤስ የሚደገፍ የትራንስፖርት ዕቅድ ፋይዳ በዋነኛነት የሚወሰነው በሶፍትዌሩ ዘመናዊነት ሳይሆን፣ ምን ተቆጠረ፣ ማን ተመዘገበ በሚለው ጥያቄ ነው። ይህ ጽሑፍ የሥርዓቱን ምንነትና አሠራር፣ በከተማ ትራንስፖርት ዕቅድ ውስጥ ያለውን አገልግሎት እንዲሁም በአገራችን ከተሞች ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮችን በአዲስ አበባ ምሳሌነት ያብራራል።

የጂአይኤስ ምንነት

ጂአይኤስ ማለት በምድር ላይ የታወቀ ቦታ ያላቸውን ነገሮች ለመመዝገብ፣ ለማከማቸት፣ ለመተንተንና በካርታ ለማሳየት የሚያገለግል ሥርዓት ነው። የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በካናዳ፣ በሮጀር ቶምሊንሰን መሪነት፣ የአገሪቱን የመሬት ሀብት ለመመዝገብ የተዘጋጀ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሠራሩ ወደ ግብርና፣ ጤና፣ ውኃ፣ የመሬት አስተዳደርና ትራንስፖርት ዘርፎች ተስፋፍቷል።

በጂአይኤስ ውስጥ እያንዳንዱ የመረጃ ዓይነት በተለየ ንብርብር ወይም ሌየር ይቀመጣል። ፌርማታዎች በነጥብ፣ መንገዶች በመስመር፣ ወረዳዎችና የመሬት አጠቃቀም ክልሎች ደግሞ ስፋት ባለው ቅርጽ ይወከላሉ። እንደ ሳተላይት ምስልና የመሬት ከፍታ ያሉ መረጃዎች በእኩል በተከፋፈሉ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይያዛሉ። ንብርብሮቹ በአንድ የቦታ መለኪያ ላይ ስለሚያርፉ አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ማየት፣ ለምሳሌ በአንድ ወረዳ ውስጥ ከሚገኙት ትምህርት ቤቶች መካከል የእግረኛ መንገድ የሌለው አውራ ጎዳና ዳር የሚገኙት ስንት እንደሆኑ መለየት ይቻላል።

ጂአይኤስ ከተራ የኮምፒውተር ንድፍ የሚለየው እያንዳንዱ ቅርጽ ገላጭ መረጃ ስለሚያዝለት ነው። በንድፍ ላይ መንገድ ማለት መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል። በጂአይኤስ ውስጥ ግን ያው መስመር ስሙን፣ ስፋቱን፣ የንጣፉን ዓይነት፣ የሚፈቀደውን ፍጥነት፣ ባለ አንድ አቅጣጫ መሆን አለመሆኑን፣ የእግረኛ መንገድ ያለው መሆኑንና መረጃው የተሰበሰበበትን ቀን ይዞ ይገኛል። ከተሞች በንድፍ መልክ ያዘጋጇቸውን ፕላኖች ወደ ጂአይኤስ ሲያዛውሩ አብዛኛውን ጉልበት የሚጠይቀው ሥራ መስመሮቹን ማስገባት ሳይሆን ይህን ገላጭ መረጃ ማሟላት ነው።

ለትራንስፖርት ዕቅድ የሚያስፈልጉ መሠረታዊ መረጃዎች

ለከተማ ትራንስፖርት ትንተና ቢያንስ የሚከተሉት መረጃዎች ተሟልተው መገኘት ይኖርባቸዋል፦

• የመንገድ መረብ፦ ዋና፣ መጋቢና የውስጥ ለውስጥ መንገዶች፣ ድልድዮች፣ ማሳለጫዎችና የትራፊክ መብራቶች፤
• የእግረኛ መረብ፦ የእግረኛ መንገዶች፣ ዜብራዎች፣ መሸጋገሪያ ድልድዮች፣ ደረጃዎችና በየሰፈሩ የሚገኙ አቋራጮች፤
• የብዙኃን ትራንስፖርት፦ የአውቶቡስ፣ የቀላል ባቡርና የታክሲ መስመሮች፣ ፌርማታዎች፣ ተርሚናሎችና የምልልስ ድግግሞሽ፤
• የሕዝብ ቁጥርና የመኖሪያ ሥርጭት፣ በተቻለ መጠን ከወረዳ በታች በሆነ ደረጃ፤
• የጉዞ መዳረሻዎች፦ የሥራ ቦታዎች፣ ገበያዎች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ተቋማትና የእምነት ስፍራዎች፤
• የመሬት አጠቃቀምና የከተማው መዋቅራዊ ፕላን፤
• የመሬት ከፍታና ተዳፋት እንዲሁም ወንዞችና ገደሎች፤
• የተሽከርካሪና የእግረኛ ቆጠራ እንዲሁም የትራፊክ አደጋ መዛግብት።

ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ በመንግሥት ተቋማት እጅ የሚገኙ ናቸው። በአገር አቀፍ ደረጃ የካርታና የጂኦስፓሻል መረጃ የማዘጋጀት ኃላፊነት የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሲሆን፣ የከተማ ፕላን አዘገጃጀት በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ይከናወናል። በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተሰኘው ነፃ ካርታም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ እየዳበረ የመጣ ሲሆን፣ በመስክ ከተረጋገጠ ለመነሻነት ይጠቅማል። በየትኛውም ከተማ ጎልቶ የሚታየው ክፍተት ግን የእግረኛ መረብ ነው። የሰፈር አቋራጭና የወንዝ ዳር ደረጃ በሳተላይት ምስል ላይ በዛፍ ወይም በጣሪያ ተሸፍነው ሊቀሩ ስለሚችሉ፣ በእግር ተዘዋውሮ ካልተመዘገቡ በቀር ወደ መረጃ ቋቱ አይገቡም።

የመንገድ መረብን በኮምፒውተር መወከል

ኮምፒውተር ከአንድ ቦታ ወደ ሌላው የሚወስደውን አጭር መንገድ ማስላት የሚችለው መንገዶች በመጋጠሚያ ነጥቦች የተያያዘ መረብ ሆነው ሲቀርቡለት ነው። የስሌቱ መሠረት የኔዘርላንዱ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው ዘዴ ሲሆን፣ ከመነሻው ጀምሮ ወደ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ለመድረስ የሚፈጀውን አነስተኛ ወጪ ደረጃ በደረጃ የሚያሰላ ነው። ወጪው በርቀት፣ በጊዜ ወይም በገንዘብ ሊለካ ይችላል።

መረቡ በጥንቃቄ ካልተዘጋጀ ስህተቱ በቀላሉ አይታወቅም። ለምሳሌ በጎተራ ማሳለጫ አንዱ መንገድ በሌላው ላይ ያልፋል። በካርታ ላይ ሁለቱ መስመሮች ተቋርጠው ስለሚታዩ በመቋረጫው ላይ መጋጠሚያ ነጥብ ከተደረገ፣ ኮምፒውተሩ ተሽከርካሪን ከላይኛው መንገድ ወደ ታችኛው በቀጥታ ያሻግረዋል። በተቃራኒው ሁለት የሚገናኙ መንገዶች በጥቂት ሴንቲሜትር ልዩነት ሳይነካኩ ከተሳሉ፣ መንገዱ እንደተዘጋ ይቆጠራል። ካርታው ለዓይን ትክክል ቢመስልም ስሌቱ ግን ሐሰት ይሆናል። በመሆኑም ከማንኛውም ትንተና በፊት የመረቡን ተያያዥነት መፈተሽና ለናሙና የተመረጡ ጉዞዎችን በመስክ ከተለካ ጊዜ ጋር ማነጻጸር የግድ ነው።

ተደራሽነት፦ በካርታ ላይ ያለ ርቀትና በእግር የሚኬድ ርቀት

የአንድ ከተማ የብዙኃን ትራንስፖርት ሽፋን ሲገመገም በብዛት የሚቀርበው ጥያቄ፣ ከነዋሪው ስንት በመቶው ከፌርማታ በ500 ሜትር ርቀት ውስጥ ይኖራል የሚል ነው። ለጥያቄው ሁለት ዓይነት መልስ ማግኘት የሚቻል ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የብዙ ነዋሪዎችን ዕለታዊ ድካም የሚመለከት ነው።

የመጀመሪያው ዘዴ በእያንዳንዱ ፌርማታ ዙሪያ 500 ሜትር ሬዲየስ ያለው ክብ መሥራትና በክቡ ውስጥ ያለውን ሕዝብ መቁጠር ነው። የክቡ ስፋት 0.785 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሁለተኛው ዘዴ በትክክለኛው የእግረኛ መረብ ላይ 500 ሜትር ተጉዞ የሚደረስበትን ስፍራ ብቻ መቁጠር ነው። መንገዶቹ ሁሉ ቀጥ ያሉና በየአቅጣጫው የተሟሉ ናቸው ቢባል እንኳ በእግር የሚደረስበት ስፋት ከ0.5 ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ይህ ከክቡ 64 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ በክብ የተሠራ ግምገማ መንገዱ እጅግ ምቹ በሆነበት ከተማም ቢሆን ሽፋኑን ከሲሶ በላይ አጋንኖ ያቀርባል።

የአዲስ አበባ አቀማመጥ ልዩነቱን የበለጠ ያሰፋዋል። ከእንጦጦ ጋራ ወደ ደቡብ የሚወርዱት እንደ ቀበና ያሉ ወንዞች ሰፈሮችን ከሰፈሮች ይለያሉ። በወንዙ ማዶ በዓይን የሚታይ ፌርማታ ጋ ለመድረስ እስከ ድልድዩ ድረስ ዞሮ መሄድ ይጠይቃል። ሰው ሠራሽ እንቅፋቶችም አሉ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የቀላል ባቡር ሁለት መስመሮችና 39 ጣቢያዎች ያሉት ሲሆን፣ አጠቃላይ ርዝመቱ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐዲዱ በመሬት ደረጃ በሚያልፍባቸው ክፍሎች በአጥር የተከለለ በመሆኑ እግረኛ ሊሻገር የሚችለው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። ከሐዲዱ ወዲህና ወዲያ ያሉ ሁለት ቤቶች በካርታ ላይ ጎረቤት ቢሆኑም፣ በእግረኛ መረብ ላይ ግን የተራራቁ ሊሆኑ ይችላሉ።

ተዳፋትም ሌላው ግምት ውስጥ የሚገባ ጉዳይ ነው። ከእንጦጦ ጋራ አናት እስከ አቃቂ ሜዳ ያለው የከፍታ ልዩነት ከ800 ሜትር በላይ ነው። የመልክዓ ምድር ሊቁ ዋልዶ ቶብለር እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረበው ቀመር መሠረት በሜዳ ላይ የሚሄድ ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ 10 በመቶ በሆነ ዳገት ላይ ፍጥነቱ ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል። በዚህ ስሌት በሜዳ 6 ደቂቃ የሚፈጀው 500 ሜትር በዳገት ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ይህም ለጤነኛ ጎልማሳ የተሠላ ነው። ለአረጋዊ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ላዘለች እናት ወይም ለአካል ጉዳተኛ የሚኖረው ልዩነት ከዚህ የላቀ ነው። ተዳፋትን ለማስላት የሚያስፈልገው የከፍታ መረጃ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 በጠፈር መንኮራኩር ከተካሄደው የራዳር ልኬት በ30 ሜትር ዝርዝር በነፃ ይገኛል።

በመሆኑም ተደራሽነትን የሚመለከት ማንኛውም ሪፖርት ርቀቱ በክብ ወይም በእግረኛ መረብ የተለካ መሆኑን፣ ተዳፋትና መሻገሪያ ግምት ውስጥ የገቡ መሆናቸውን በግልጽ ሊጠቅስ ይገባል። በሪፖርት ላይ ሽፋን አለው ተብሎ የተመዘገበ ሰፈር አዲስ ፌርማታ፣ ድልድይ ወይም መሻገሪያ ለማግኘት በቅደም ተከተሉ ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ የአለካኩ ስህተት በነዋሪው ላይ ለዓመታት የሚቆይ ጫና ያስከትላል።

የጉዞ ፍላጎት ትንተና

የትራንስፖርት ዕቅድ አውጪዎች ለረጅም ጊዜ ሲገለገሉበት የኖረው ዘዴ አራት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ ከተማው በትራፊክ ቀጠናዎች ይከፈልና ከየቀጠናው የሚነሱና ወደየቀጠናው የሚገቡ ጉዞዎች ይገመታሉ። ቀጥሎ መነሻዎች ከመድረሻዎች ጋር ይዛመዳሉ። በሦስተኛው ደረጃ ጉዞዎቹ በእግር፣ በታክሲ፣ በአውቶቡስ፣ በባቡርና በግል ተሽከርካሪ ይከፋፈላሉ። በመጨረሻም በመንገድ መረቡ ላይ ይደለደላሉ። ጂአይኤስ በአራቱም ደረጃዎች መረጃ ያቀርባል፤ ውጤቱንም በካርታ ያሳያል።

የዘዴው ጥቅም የመሬት አጠቃቀም ለውጥ በጉዞ ላይ የሚያመጣውን ውጤት አስቀድሞ ማሳየቱ ነው። በአዲስ አበባ እንደ ጀሞ፣ የካ አባዶና ቱሉ ዲምቱ ባሉ የከተማው ዳርቻዎች ሰፋፊ የጋራ መኖሪያ ቤት መንደሮች ሲገነቡ፣ ብዙ የሥራና የንግድ ቦታዎች በመሐል ከተማ እንዳሉ ቆይተዋል። የቤት ልማት ካርታ ከሥራ ቦታ ካርታ ጋር ሲደረብ ጠዋት ወደ መሐል፣ ማታ ወደ ዳር የሚያመራው የጉዞ ጎርፍ ከየት እንደሚመነጭ ግልጽ ይሆናል።

የቀጠናዎች አከፋፈል ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቀጠናው ሰፊ ከሆነ በውስጡ የሚደረጉ አጫጭር የእግር ጉዞዎች ከስሌቱ ይወጣሉ፤ መነሻቸውና መድረሻቸው በአንድ ቀጠና ውስጥ ስለሚወድቅ በመረቡ ላይ አይደለደሉም። ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ገበያ ደርሳ ወደ ቤቷ የምትመለስ እናት በቀን በርካታ ጉዞዎች ብታደርግም በሞዴሉ ውስጥ አንድም ላይቆጠርላት ይችላል። ስለሆነም ቀጠናዎችን በተቻለ መጠን ማሳነስ፣ በቤት ለቤት ጥናት ላይም አጫጭር የእግር ጉዞዎችን ለይቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከትራፊክ ፍሰት በተጨማሪ ጠቃሚ የሆነው መለኪያ ከአንድ ሰፈር ተነሥቶ በ60 ደቂቃ ውስጥ ሊደረስባቸው የሚችሉ የሥራ ቦታዎች ወይም የጤና ተቋማት ብዛት ነው። መለኪያው ለግል ተሽከርካሪ፣ ለብዙኃን ትራንስፖርትና ለእግር ጉዞ በተናጠል ሲሠራ፣ መንገድ በመስፋቱ የተጠቀመው ማን እንደሆነና ለውጥ ያላገኘው ማን እንደሆነ በግልጽ ይታያል።

የሚኒባስ ታክሲ መስመሮችን መመዝገብ

በአፍሪካ ከተሞች ብዙው ሕዝብ የሚጓጓዘው የታተመ የጊዜ ሰሌዳ በሌላቸው ሚኒባሶች ነው። መስመሮቹን የሚያውቋቸው ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ተራ አስከባሪዎችና ተሳፋሪዎች ሲሆኑ፣ በጽሑፍ የሰፈረ የተሟላ መረጃ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በዚህ ረገድ በምሳሌነት የሚጠቀሰው በኬንያ መዲና ናይሮቢ የተካሄደው ዲጂታል ማታቱስ የተሰኘ ሥራ ነው። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በመተባበር፣ ተማሪዎች በሚኒባሶቹ እየተሳፈሩ በተንቀሳቃሽ ስልክ የጉዞውን መስመርና ማቆሚያዎች እንዲመዘግቡ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ130 በላይ መስመሮችን የያዘ ካርታ ለሕዝብ ይፋ ሆነ፤ ጥሬ መረጃውም ማንኛውም ሰው በነፃ እንዲጠቀምበት ተለቀቀ። መረጃው የቀረበበት አደረጃጀት ጂቲኤፍኤስ በመባል የሚታወቅ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካዋ ፖርትላንድ ከተማ ለአውቶቡስ የጊዜ ሰሌዳ የተጀመረ ነው። ፌርማታ፣ መስመር፣ ጉዞና ሰዓት በተለያዩ ቀላል የጽሑፍ ፋይሎች ይያዛሉ። የጊዜ ሰሌዳ ለሌላቸው አገልግሎቶች ከሰዓት ይልቅ የምልልስ ድግግሞሽን መመዝገብ ይቻላል።

በአዲስ አበባ ታክሲዎች መነሻና መድረሻቸውን በታፔላ ያሳያሉ። ይሁን እንጂ ታፔላው ብቻውን ለዕቅድ በቂ አይደለም። ታክሲ የሚነሣው ሲሞላ ነው፤ ተሳፋሪም «ወራጅ አለ» ባለበት አካባቢ ይወርዳል። በመግቢያና በመውጫ ሰዓት ደግሞ መስመር ተቆራርጦ ሲጫን፣ ተሳፋሪው አንዱን ጉዞ በሁለት ታክሲ ለመሄድና ሁለት ጊዜ ለመክፈል ይገደዳል። እነዚህን እውነታዎች የሚያሳየው በሥራ ሰዓት የሚሰበሰብ የጉዞ ዱካ ነው። በየታክሲው የሚያዝ የጂፒኤስ ምዝገባ ተሳፋሪ በብዛት የሚወጣና የሚወርድባቸውን ነጥቦች፣ ጉዞው የሚቋረጥባቸውን ስፍራዎችና ትክክለኛውን የጉዞ ጊዜ ይለያል። ውጤቱም የፌርማታ ቦታ ለመምረጥ፣ ስምሪት ለማስተካከልና አውቶቡስ የሚያስፈልግባቸውን መስመሮች ለመወሰን ያገለግላል።

የመንገድ ደኅንነት ትንተና

የትራፊክ አደጋ የደረሰባቸው ቦታዎች በካርታ ላይ ሲሰፍሩ በተወሰኑ መጋጠሚያዎችና የመንገድ ክፍሎች ላይ ተከማችተው ይታያሉ። ይህም ውስን በጀትን ለዜብራ፣ ለፍጥነት መቀነሻ፣ ለመንገድ መብራትና ለእግረኛ መንገድ በቅደም ተከተል ለመመደብ ያስችላል። ለዚህ ግን የአደጋው ቦታ በትክክል መታወቅ አለበት። «ከነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት» የሚል መግለጫ ማደያው ሲነሣ ወይም ስሙ ሲቀየር ትርጉሙን ያጣል። የአደጋ መርማሪ በቦታው ተገኝቶ የኮኦርዲኔት ቁጥር ከስልኩ ላይ ቢመዘግብ ጥቂት ሰከንድ የሚፈጅ ሥራ ለዓመታት የሚያገለግል መረጃ ያስገኛል።

የአደጋ ካርታ ሲተረጎም ሁለት ነጥቦች ሊታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ብዙ ሰው የሚያልፍበት መጋጠሚያ ብዙ አደጋ ሊመዘገብበት ስለሚችል ቁጥሩ ከእግረኛውና ከተሽከርካሪው ብዛት ጋር መነጻጸር አለበት። ሁለተኛ፣ አደጋ ያልተመዘገበበት መንገድ ሁሉ አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም። ነዋሪዎች አደገኛነቱን አውቀው ዙሪያውን የሚሄዱበት፣ ልጆቻቸውንም እንዳይሻገሩ የሚከለክሉበት መንገድ በመዝገብ ላይ ባዶ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

የቦታ መለኪያ ልዩነት። በኢትዮጵያ የቆዩ ካርታዎችና ፕላኖች የተዘጋጁት አዲንዳን በተባለው የቦታ መለኪያ ሲሆን፣ የጂፒኤስ መሣሪያዎችና የተንቀሳቃሽ ስልኮች የሚሠሩት ደብሊውጂኤስ 84 በተባለው ነው። አዲስ አበባ በምትገኝበት የዩቲኤም ቀጠና 37 ውስጥ የአንድ ነጥብ ኮኦርዲኔት በሁለቱ መለኪያዎች ሲነበብ ከ200 ሜትር በላይ ልዩነት ይኖረዋል። መለኪያው ሳይቀየር ከተደረቡ ፌርማታው ከመንገዱ ወጥቶ በሌላ ብሎክ ላይ ያርፋል። እያንዳንዱ ፋይል የተዘጋጀበትን መለኪያ በግልጽ ይዞ መገኘት አለበት።

ሰዓትና የዘመን አቆጣጠር። የመስክ መዝጋቢ «ጠዋት 2፡30» ብሎ የጻፈውን ሶፍትዌሩ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 2፡30 አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ይህ ሳይታረም ከቀረ የጠዋቱ መጨናነቅ በሌሊት የደረሰ ሆኖ ይታያል። ቀንም እንዲሁ ነው። ጥቅምት 30 በቁጥር 30/2 ተብሎ ሲገባ ሶፍትዌሩ ሁለተኛውን የአውሮፓ ወር ስለሚፈልግ አይቀበለውም፤ 13ኛ ወር የሆነችውን ጳጉሜንንም አያውቃትም። ከሁሉ የከፋው ግን ሶፍትዌሩ ያለ ተቃውሞ ተቀብሎ በተሳሳተ ወር የሚያስቀምጠው ቀን ነው። መፍትሔው ቅጹ ላይ የሚጻፈውን አቆጣጠር መወሰንና ወደ መረጃ ቋቱ ሲገባ በአንድ ወጥ ሕግ መለወጥ ነው።

የቦታ ስሞች አጻጻፍ። በአማርኛ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት በመኖራቸው አንድ ቦታ በተለያየ መንገድ ይጻፋል። ጦር ኃይሎች፣ ጦር ሀይሎች፤ ሃያ ሁለት፣ ሀያ ሁለት፣ 22፤ ለገሃር፣ ለገሀር የሚሉት ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። በዚህ ምክንያት የአንድ ፌርማታ ተሳፋሪ በሦስት ተከፍሎ ይቆጠርና ፌርማታው ዝቅተኛ ፍላጎት ያለው መስሎ ይታያል። ለእያንዳንዱ ቦታ ቋሚ መለያ ቁጥር መስጠትና የተለያዩትን አጻጻፎች ከዚያው ቁጥር ጋር ማያያዝ ችግሩን ይፈታል።

የመረጃ ወቅታዊነት። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በተካሄደው የኮሪደር ልማት መንገዶች፣ የእግረኛና የብስክሌት መስመሮች ተለውጠዋል፤ ከመሐል ከተማ የተነሡ ነዋሪዎችም ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሰበሰበ የመንገድ ካርታም ሆነ የመነሻና መድረሻ ጥናት ሳይታደስ ለአዲስ ውሳኔ መሠረት ሊሆን አይችልም።

የግል መረጃ ጥበቃ

የተንቀሳቃሽ ስልክና የጂፒኤስ ዱካዎች ለጉዞ ትንተና ጠቃሚ ቢሆኑም፣ የአንድን ሰው መኖሪያ፣ የሥራ ቦታና ዕለታዊ ልማድ ሊገልጡ ይችላሉ። ስሙ ቢሰረዝም እንኳ ማታ የሚያድርበትና ቀን የሚውልበት ነጥብ ማንነቱን ለማወቅ ሊያበቃ ይችላል። በመሆኑም መረጃው በቀጠና ደረጃ ተጠቃልሎ እንዲቀርብ፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ የተመዘገቡባቸው ጉዞዎች እንዳይታተሙና አያያዙም በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተደነገገውን የተከተለ እንዲሆን ያስፈልጋል።

የሥራው ቅደም ተከተል

ጂአይኤስን ለትራንስፖርት ዕቅድ ለመጠቀም የሚነሣ ከተማ በሚከተለው ቅደም ተከተል መሥራት ይችላል፦

1. የሚወሰነውን ጉዳይ አስቀድሞ በጽሑፍ ማስፈር። ለምሳሌ፣ «በቀጣዩ በጀት ዓመት የእግረኛ መሻገሪያ ቅድሚያ የሚሠራባቸው ቦታዎች የትኞቹ ናቸው?»
2. በየተቋሙ ያለውን መረጃ መለየት፣ የቦታ መለኪያውን፣ ቀኑንና ባለቤቱን መመዝገብ።
3. የእግረኛ መረብንና የታክሲ መስመሮችን በመስክ መሰብሰብ።
4. የመረቡን ተያያዥነት መፈተሽና በናሙና ጉዞዎች ማረጋገጥ።
5. ትንተናውን ማካሄድ፣ የተወሰዱ ግምቶችንም ከውጤቱ ጋር አብሮ ማቅረብ።
6. ረቂቅ ካርታውን ለነዋሪዎች፣ ለታክሲ ማኅበራት፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለትምህርት ቤቶች አቅርቦ የጎደለውን ማሟላት።
7. መረጃውን የሚያድስ ባለሙያና የማደሻ ጊዜ መመደብ።

ከእነዚህ ውስጥ ስድስተኛው በጊዜ እጥረት ምክንያት የመዘለል ዕድሉ ሰፊ ነው። ሆኖም የትኛው አቋራጭ በክረምት እንደሚዘጋ፣ የትኛው ድልድይ ከመሸ በኋላ እንደማይኬድበት የሚያውቀው ነዋሪው ነው። ይህ እውቀት በሳተላይት ምስል ላይ አይነበብም። ለአነስተኛ ከተሞችም ሥራው ከአቅም በላይ አይደለም። ኪውጂአይኤስን የመሰሉ ነፃ ሶፍትዌሮች፣ ጂፒኤስ ያለው ስልክና የሠለጠኑ ጥቂት ባለሙያዎች ካሉ ሥራው ሊጀመር ይችላል።

ማጠቃለያ

ጂአይኤስ የከተማ ትራንስፖርት ውሳኔዎች በግምት ሳይሆን በሚታይና ሊመረመር በሚችል መረጃ ላይ እንዲመሠረቱ ያደርጋል። በዚህ ረገድ ለረጅም ጊዜ ትኩረት ያላገኘው የእግር ጉዞ በፖሊሲ ደረጃ ስፍራ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚያገለግለው የኢትዮጵያ ሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ለእግረኞችና ለብስክሌት ተጠቃሚዎች ቅድሚያ የሚሰጥ ነው። ስትራቴጂው ወደ ተግባር የሚለወጠው ግን እግረኛው በየከተማው የመረጃ ቋት ውስጥ ከነመንገዱ፣ ከነመሻገሪያውና ከነዳገቱ ሲመዘገብ ነው። በመሆኑም አንድ የትራንስፖርት ካርታ ለውሳኔ ሲቀርብ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ በካርታው ላይ ያልሰፈረው ማን ነው የሚለው ይሆናል።